ስዊቹ የእኛ ነው፤ ታዲያ ምን ያስፈራናል?

ጥያቄ፦ አምስት ሰርቨሮች ላይ ሴፍ (Ceph፣ ፋይልን በብዙ ማሽኖች ዲስክ ላይ አከፋፍሎ የሚያስቀምጥ ሶፍትዌር) ተክለን ፋይል እናስቀምጣለን። ዲስኮቹ ኢንክሪፕት ተደርገዋል፣ ሴፍኤክስም (የሴፍ የማንነት ማረጋገጫ) በርቷል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን «በሰርቨሮቹ መካከል ዳታው ራቁቱን ነው የሚሄደው» አለኝ። ኔትወርኩ የውስጥ ነው፣ ሰርቨሮቹን የሚያገናኘው ስዊችም የእኛው። ያሰጋል እንዴ?

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ነው። እኔም እንደ እርስዎ ተዘናግቼ ነበር። አንድ ቀን መሞከሪያ ክላስተሬ (አብረው የሚሠሩ ሰርቨሮች ስብስብ) ላይ የጽሑፍ ፋይል ጫንኩና ቲሲፒደምፕ (በኔትወርክ የሚያልፈውን ዳታ የሚያሳይ ፕሮግራም) ከፍቼ ጠበቅሁ። የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ስክሪኑ ላይ ዱብ አለ! ነጥብና ሰረዙ እንኳ አልጎደለም።

የዲስክ ኢንክሪፕሽን የሚጠቅመው ዲስኩ ሲሰረቅ ወይም ሲጣል ነው። ሰርቨሩ ዳታውን የሚልከው ፈትቶ ካነበበ በኋላ ነው። ሴፍኤክስ ደግሞ በር ላይ መታወቂያ የሚያይ ዘበኛ ነው፤ ማን እንደገባ ያውቃል፣ ውስጥ የሚወራውን ግን አይሸፍንም። ሦስት ቅጂ የሚይዙ ከሆነ ደንበኛው (ፋይሉን የሚጠቀመው ማሽን) ለዋናው ኦኤስዲ (ዲስክ ላይ ለሚጽፈው የሴፍ ፕሮግራም) ይልካል፣ እሱ ለሌሎቹ ሁለት ያስተላልፋል። ያው ፋይል ሦስት ጊዜ ሽቦ ላይ ወጣ ማለት ነው። ከመካከል አንድ ማሽን ቢጠለፍ ስዊቹ የማንም ቢሆን አያድንዎትም።

መፍትሔው በ2019 ከናውቲለስ (ከሴፍ እትሞች አንዱ) ጋር የመጣው ሁለተኛው የሜሴንጀር ፕሮቶኮል፣ ማለትም የሴፍ ማሽኖች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ደንብ ነው። «ሲአርሲ» እና «ሴኪዩር» የሚባሉ ሁለት ሞዶች አሉት። ሳይነኩት ከተዉት የፋይልዎ ዳታ በሲአርሲ ይሄዳል። ሲአርሲ በመንገድ ላይ በስህተት የተበላሸ ቢት ይይዛል እንጂ፣ ሆን ብሎ የሚቀይር ሰው ቼክሰሙንም (የማረጋገጫ ቁጥሩንም) አብሮ ያስተካክለዋል። ሴኪዩር ግን ዳታውን ኢንክሪፕት ያደርጋል። ስለዚህ በክላስተር፣ በሰርቪስና በክላየንት ሞድ ቅንብሮች ላይ ሴኪዩር ብቻ ይተዉ። ሲአርሲን ከዝርዝሩ ካላወጡት ዋጋ የለውም። ከዚያ ዲመኖቹን (ከጀርባ የሚሠሩትን የሴፍ ፕሮግራሞች) በየተራ ሪስታርት ያድርጉ፤ ቀድሞ የተከፈተ ግንኙነት በነበረበት ሞድ ይቀጥላልና።

አሁን እኔን ያስላበኝ ነገር። አሮጌው ፕሮቶኮል በፖርት 6789 ክፍት ከሆነ፣ በእሱ የሚገባ ደንበኛ አሁንም ያለ ኢንክሪፕሽን ያወራል። እኔ ሳላጣራ ዘጋሁትና ሴፍን ማውንት ያደረጉ (እንደ ራሳቸው ዲስክ ያሰሩ) ማሽኖች ቀጥ አሉ። ለካ ከ5.11 በታች ያለ የሊኑክስ ከርነል አዲሱን አያውቀውም። ከዚያ በላይ ያለውም ቢሆን ማውንት ሲያደርጉ ሞዱ ሴኪዩር እንዲሆን ካልነገሩት አሮጌውን ይመርጣል። መጀመሪያ ደንበኞቹን ያዘጋጁ፣ ከዚያ የአዲሱን ፕሮቶኮል ፖርት 3300ን ብቻ ያስቀሩ።

ፍጥነቱ? ትንሽ ይቀንሳል። ፕሮሰሰርዎ ኤኢኤስን (የኢንክሪፕሽኑን ስሌት) በራሱ የሚያሰላ ከሆነ ብዙም አይሰማዎትም። ለማንኛውም በፊትም በኋላም በራዶስ ቤንች (በሴፍ የፍጥነት መለኪያ) ይለኩት። ኤስስሪ ጌትዌይ (ፋይልን በኤችቲቲፒ የሚያቀርብ የሴፍ መግቢያ) ካለዎት ደግሞ፣ ተጠቃሚዎች ከእሱ ጋር የሚያደርጉትን ግንኙነት ይህ ሁሉ አይነካውም፤ ኤችቲቲፒኤስ ለብቻው ያብሩለት።