መልስ፦ ምናባዊው ግድግዳ ጋ ስደርስ የወገብ ገመዱ ለምን ይንቀጠቀጣል?

በሠራኸው የቪአር (ምናባዊ ዓለም) መሣሪያ፣ ምስሉ ላይ ካለው ግድግዳ ስትደርስ ሞተር ወገብህ ላይ የታሰረውን ገመድ ስቦ ያስቆምሃል፤ ገመዱ ግን ይንቀጠቀጣል ብለሃል። ሞተሩ ደካማ ሆኖ ይሆን ላልከው፣ አይደለም። ኃይሉን ከምስሉ ጋር በሴኮንድ 90 ጊዜ ብቻ ስለምታሰላው ነው። በሁለት ስሌቶች መካከል 11 ሚሊሴኮንድ ያልፋል፤ አንተ ከግድግዳው መውጣት ስትጀምር ሞተሩ ገና የቀድሞውን ኃይል ይዞ ይስብሃል። ከተቀበለው በላይ ጉልበት ይመልሳል ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። የመሣሪያው የራሱ ዳምፒንግ (እንቅስቃሴን የሚያበርድ ተቃውሞ) ከግድግዳው ጥንካሬ (ወደ ውስጥ በገባህ ቁጥር የሚጨምረው ኃይል ልክ) እና ከስሌቱ ክፍተት ብዜት ግማሽ መብለጥ አለበት። ጥንካሬው በሜትር 2000 ኒውተን ከሆነ በ90 ኸርዝ (በሴኮንድ 90 ስሌት) ከ11 ኒውተን ሴኮንድ በሜትር በላይ ያስፈልግሃል፤ በ1000 ኸርዝ ግን ከ1 ትንሽ ከፍ ያለ ይበቃል።

ስለዚህ ስሌቱን ወደ ማይክሮኮንትሮለሩ (ሞተሩን ወደሚያዘው ትንሽ ቺፕ) አውርደው፤ ከኮምፒውተሩ የግድግዳውን ቦታና አቅጣጫ ብቻ ላክለት። ጥንካሬውን ከ300 ጀምረህ ቀስ እያልክ ጨምር። ዳምፒንግ በኮድ ማብዛት ግን አያዋጣም፦ ከኢንኮደር (የሞተሩን መዞር ከሚለካው ሴንሰር) የሚወጣው የፍጥነት ቁጥር ስለሚዘል ሞተሩ መጮህ ይጀምራል።

ገመድ ይስባል እንጂ አይገፋም፤ እንዳይላላ ሁልጊዜ ጥቂት ኒውተን ውጥረት ተውለት፣ አለዚያ ሲወጠር ይነጥቅሃል። ደግሞ እባክህ፣ የሞተሩን ከረንት ሳትገድብና ኃይል የሚያቋርጥ ቁልፍ እጅህ ላይ ሳታደርግ ወገብህ ላይ አትሰረው።