መልስ፦ ክንድ በሴንቲሜትር ስንት ነው?

የጠየቅሽው ክንድ ስንት ሴንቲሜትር እንደሆነና የሰው ቁመት እየተለያየ ድሮ እንዴት ይግባቡ እንደነበር ነው። ክንድ በግምት 45 ሴንቲሜትር ነው። ግን ራስሽ ሞክሪው። ክንድሽን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ ከክርንሽ እስከ መሃል ጣትሽ ጫፍ ለኪ። ከዚያ አውራ ጣትሽንና ትንሿን ጣትሽን ወጥረሽ ብትሰነዝሪው ሁለት ስንዝር ገደማ ይሆናል። አራት ጣት ገጥመሽ በጋት ብትሄጂበት ደግሞ ስድስት ጋት አካባቢ ነው። በትክክል ካልገጠመልሽ አይግረምሽ።

አንድ ሰው ቤቱን በራሱ ክንድ ለክቶ ቢሠራ ምንም ችግር የለውም። ጣጣው ሁለት ሰው ሲገበያይ ነው። ሻጭ አጭር፣ ገዢ ረጅም ከሆነ ጭቅጭቅ አይቀርም። የጥንት ግብጾች ለዚህ መላ ነበራቸው። «የንጉሥ ክንድ» የሚባለውን በእንጨትና በድንጋይ ዘንግ ላይ ምልክት አድርገው ያስቀምጡ ነበር። ርዝመቱ 7 ጋት ወይም 28 ጣት ነው፤ ወደ 52.5 ሴንቲሜትር ይጠጋል። ከተራው ክንድ በአንድ ጋት ይበልጣል ማለት ነው።

ሮማውያን ርቀትን በእርምጃ ቆጠሩ። ማይል የመጣው ከሺህ ድርብ እርምጃ ነው፤ ግራ እግር ተነስቶ እንደገና መሬት እስኪረግጥ አንድ ይባላል።

ፉት ደግሞ እንደምታውቂው እግር ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. በተደረገ ዓለም አቀፍ ስምምነት 30.48 ሴንቲሜትር ሆኖ ቀረ። የማን እግር ነው ካልሽኝ የማንም አይደለም! የፈረስ ቁመት ግን በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች ዛሬም በእጅ ስፋት ይለካል፤ አንዱ እጅ 10.16 ሴንቲሜትር ነው።