መጀመሪያው ገጥሞ መጨረሻው ለሚዛነፍ የሰርግ ቪዲዮ

ሰላም እህቴ፣ ከፍኖተ ሰላም የጻፍሽውን ጥያቄ አየሁት። የ40 ደቂቃ የመልስ ቪዲዮ በስልክ ቀርጸሻል። ሲጀምር ድምፁና ምስሉ ልክ ነው። መጨረሻ ላይ ግን ሽማግሌው ሲመርቁ ከንፈራቸው ይቀድማል፤ ድምፃቸው 2 ሰከንድ ተኩል ያህል ቆይቶ ይመጣል። ድምፁን ስትስቢው መጨረሻው ይገጥምና መጀመሪያው ይበላሻል። እኔ ደብረ ማርቆስ ሰርግ እየቀረጽኩ ነው የምኖረው። በዚህ ጉዳይ ብዙ ሌሊት አድሬበታለሁና ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ድምፁን መሳብ አቁሚ። ድምፅና ምስል የሚለያዩት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ድምፁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእኩል መጠን ሲዘገይ ወይም ሲቀድም ነው። ይሄ ቀላል ነው። ፋይሉን ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ኮምፒውተር ላይ ክፈቺና ጄ እና ኬ የሚሉትን ፊደላት ተጫኚ። በአንድ ጭነት ድምፁ 50 ሚሊሰከንድ ይንቀሳቀሳል። አንድ ቦታ ላይ ገጥሞ እስከ መጨረሻው ከዘለቀ፣ ኤዲት ስታደርጊ ድምፁን በዚያው ልክ መሳብ ብቻ ነው። ቪኤልሲ ፋይሉን አይቀይረውም፤ ለማጫወት ብቻ ነው የሚያስተካክለው።

ያንቺ ግን ሁለተኛው ነው፤ ቀስ በቀስ የሚንሸራተተው። ይህን በመሳብ ማዳን አይቻልም። መለካት ያስፈልጋል።

ለመለካት በከንፈር አትተማመኚ። ምርቃት ለስለስ ያለ ነው። «አሜን» የሚለውም ሕዝብ እኩል አይጀምርም። ከበሮ ያለበትን ቦታ ፈልጊ። ምስሉን ፍሬም በፍሬም አሳልፊው፤ ፍሬም ማለት ቪዲዮው የተሠራባት አንዷ ነጠላ ምስል ናት። የመቺዋ መዳፍ ቆዳውን የነካበትን ፍሬም ያዢ። ከዚያ በድምፁ ሞገድ ላይ ድንገት ሽቅብ የወጣችውን ቀጭን ጫፍ ፈልጊ። በሁለቱ መካከል ያለውን ጊዜ ወረቀት ላይ ጻፊ። ይህን ሦስት ቦታ አድርጊው፤ መጀመሪያ፣ መሐል እና መጨረሻ። ከበሮ ከሌለ ጭብጨባም ይሆናል።

አሁን ሂሳቡን እንየው። 40 ደቂቃ 2400 ሰከንድ ነው። መዛነፉ 2.4 ሰከንድ ከሆነ ከሺህ አንድ ማለት ነው። በ30 እና በ29.97 ፍሬም መካከል ያለው ልዩነትም ከሺህ አንድ ነው። በሰከንድ 29.97 ፍሬም ሆኖ የተቀረጸውን የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ 30 ብሎ ካነበበው ምስሉ ይፈጥናል፤ ድምፁ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። ስለዚህ ነው ከንፈራቸው የቀደመው። ቁጥሩ ራሱ በሽታውን ይነግርሻል። በ40 ደቂቃ ውስጥ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ከተዛነፈ 24 እና 25 ፍሬም ተምታተዋል ማለት ነው። ድምፁ 3 ደቂቃ ተኩል ረዝሞ የሰዎቹ ድምፅ ጎርነን ካለ ደግሞ፣ በሰከንድ 48000 ናሙና የተቀዳ ድምፅ በ44100 እየተነበበ ነው።

ግን አንቺ የቀረጽሽው በስልክ ነው፤ ስልክ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ዳሱ ውስጥ ሲመሽና ብርሃን ሲያንስ ብዙ ስልኮች በሰከንድ የሚያነሱትን ፍሬም ይቀንሳሉ፤ መብራት ሲመጣ መልሰው ይጨምራሉ። ፋይሉን የቪዲዮን ዝርዝር መረጃ በሚያሳየው ሚዲያኢንፎ በሚባል ፕሮግራም ከፍተሽ ፍሬም ሬት ሞድ የሚለውን እዪ፤ ፍሬም ሬት በሰከንድ የሚያልፈው የፍሬም ብዛት ነው። ቫሪያብል (ተለዋዋጭ) ካለ ነገሩ ይሄ ነው። የመሐሉ ልኬት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። መሐሉ 1.2 ሰከንድ ከሆነ መንሸራተቱ እኩል ነው። 0.3 ወይም 2 ከሆነ ግን ፍሬሙ እየተለዋወጠ ነው፤ ድምፁን በሙሉ ብታፈጥኚውም አይገጥምም።

ፍሬሙ የሚለዋወጥ ከሆነ ሃንድብሬክ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አውርጂ። ከስልኩ በኬብል የገለበጥሽውን ኦሪጅናል ፋይል አስገቢ፤ በቴሌግራም የተላከው አይሆንም። ቪዲዮ በሚለው ገጽ ፍሬም ሬቱን 30 አድርጊና ኮንስታንት (የማይለዋወጥ) የሚለውን ምረጪ። ጥራቱ እንዳይወርድ አርኤፍ የሚለውን የጥራት ቁጥር ወደ 18 አውርጂው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል። የሚወጣው ፋይል ድምፅና ምስሉ ገጥሞ ነው የሚወጣው። ኤዲት የምታደርጊው ያንን ነው። እኩል የሚንሸራተት ከሆነ ደግሞ የቪዲዮው ፍሬም ሬት 29.97 እንደሆነ ለኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ንገሪው። እምቢ ካለ ድምፁን ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ከፍተሽ ቼንጅ ስፒድ ላይ 0.1 በመቶ ጨምሪ። የድምፁ ቃና ትንሽ ይቀየራል፤ በዚህ መጠን ግን የማንም ጆሮ አይለየውም።

እኔ ይህን ሳላውቅ በፊት አንድ የጥር ሰርግ አበላሽቻለሁ። ቪዲዮውን 11 ቦታ ቆራርጬ የእያንዳንዱን ድምፅ ለብቻ ሳብኩት። ንግግሩ ደህና መሰለኝ። እስክስታው ላይ ግን በየቁራጩ ውስጥ መንሸራተቱ ቀጥሎ ነበር፤ ትከሻው አንድ ጊዜ ይወርዳል፣ ከበሮው ዘግይቶ ይመታል። የሙሽራዋ እናት አይተው «ልጄ የምትጨፍረው በሌላ ሰርግ ከበሮ ነው እንዴ?» አሉኝ። እሳቸው ስለ ፍሬም የሚያውቁት ነገር የለም፤ ትከሻና ከበሮ ግን ያውቃሉ። ጎጃም ውስጥ ይህን የማይለይ ሰው የለም። መብራት እየሄደ ከኦሪጅናሉ እንደገና ለመሥራት ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ፤ ግን ገጥሞ ወጣ፤ እሳቸውም መርቀውኝ ተረከቡ።

ከመጀመርሽ በፊት ደግሞ በምን እንደምትሰሚ እዪ። የብሉቱዝ ማዳመጫ ራሱ ድምፅ ያዘገያል፤ በገመድ ማዳመጫ ስሚው። ካሜራው ከዳሱ ጫፍ ከነበረም አስቢበት። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው። 34 ሜትር ርቀሽ ከቆምሽ ከበሮው አንድ አሥረኛ ሰከንድ፣ ማለትም 3 ፍሬም ያህል ዘግይቶ ይደርስሻል። ይህ ግን አይንሸራተትም፤ ቦታሽን እስካልቀየርሽ ድረስ አንዴ ስቦ ማስተካከል ይበቃል።

ለሚቀጥለው ሰርግ ስልክሽ ላይ ፍሬሙን የሚያጸና የቀረጻ አፕ ጫኚና 25 ላይ ቆልፊው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በ25 ስትቀርጪ አምፖሉ የመርገብገቡ ዕድል ይቀንሳል። ድምፅ ለብቻ የምትቀጂ ከሆነ መቅጃውን 48000 ላይ አድርጊ። ስትጀምሪ ካሜራው ፊት አንዴ ጠንከር አድርገሽ አጨብጭቢ፤ ስትጨርሺም ድገሚው። የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይረሳታል፤ መንሸራተትን የምታሳይሽ ግን እሷ ናት።

አሁን ሦስቱን ልኬቶች ውሰጂና ሚዲያኢንፎ ከሚያሳይሽ ጋር እዚሁ ጻፊልኝ። ማታ ከሥራ ስመለስ አየዋለሁ። እስከዚያ ኦሪጅናሉን ከስልኩ ላይ እንዳትደመስሺው።