ትኬት መስኮት ላይ የምትጨመረው አንድ ዩሮ

ጥያቄ፦ ልጆቼን ይዤ ወደ ፍራንክፈርት መካነ እንስሳት በሄድኩበት ቀን ትኬት ቆራጯ ከመግቢያው ሒሳብ ሌላ ለተፈጥሮ ጥበቃ የሚውል አንድ ዩሮ እጨምር እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከኋላዬ ሰልፍ ስለነበር ሳላመነታ እሺ አልኩ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ገንዘቡ የት ይደርስ ይሆን የሚለው ሐሳብ ያዘኝ። የአገሬን አራዊት መርዳት ከፈለግሁስ በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ ብልክ አይሻልም? (አንዲት አንባቢ፣ ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የከፈሉት ገንዘብ የገባው ወደ ሁለት የተለያዩ ካዝናዎች ነው። መካነ እንስሳቱ የከተማው ንብረት በመሆኑ የመግቢያው ሒሳብ እዚያው ለእንስሳቱ ቀለብና ለሠራተኞቹ ደመወዝ ይውላል። በፈቃድዎ የጨመሯት ዩሮ ግን የምትውለው ለተፈጥሮ ጥበቃ ሥራዎች ነው፤ በዚህ ረገድ የመካነ እንስሳቱ ዋና አጋር በእኛ አገር ፍራንክፈርት ዙኦሎጂካል ሶሳይቲ በሚል ስም የሚታወቀው በጎ አድራጊ ማኅበር ነው። ማኅበሩ ታሪኩን የሚቆጥረው መካነ እንስሳቱ ከተከፈተበት ከ1858 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሆን፣ ከ1945 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. መካነ እንስሳቱን የመሩት በርንሃርት ግሺሜክ ከጎብኚውና ከቴሌቪዥን ተመልካቹ የተሰበሰበውን መዋጮ በታንዛኒያ ወደሚገኘው የሴሬንጌቲ ፓርክ ካሻገሩ ወዲህ በውጭ አገር ያሉ ፓርኮችን መደገፍ ዋና ሥራው ሆኗል።

ከነዚህ ፓርኮች አንዱ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ማኅበሩ በዚያ ለብዙ ዓመታት ከፓርኩ አስተዳደር ጋር በጥበቃና በቅኝት፣ ከነዋሪው ጋር ደግሞ በደንና በግጦሽ አያያዝ ላይ ሲሠራ ቆይቷል። ይህ ማለት ግን የእርስዎ ዩሮ የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ያለበት ዲንሾ ደርሳለች ማለት አይደለም፤ ከሌሎቹ ጋር ተደባልቃ አስፈላጊ በሆነው ቦታ ትውላለች። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ቅር ይለዋል። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ያልታሰረ ገንዘብ ለአንድ ጉዳይ ብቻ ተብሎ ከሚሰጠው አብልጬ አየዋለሁ፤ ምክንያቱን ለማስረዳት የቀይ ቀበሮን ነገር ላንሣ።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ፣ ቁጥሩም ከ500 በታች የወረደ እንስሳ ሲሆን፣ ከግማሽ የሚበልጠው የሚኖረው በባሌ ነው። ከሁሉ የሚያሰጋው ጠላቱ አዳኝ ሳይሆን እረኞች ይዘዋቸው ወደ ግጦሹ ከሚወጡት ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ1991 እና በ1992 እ.ኤ.አ. በተነሣው ወረርሽኝ ክትትል ይደረግባቸው ከነበሩት የባሌ ቀበሮዎች አብዛኞቹ አልቀዋል፤ በሽታው ከዚያም ወዲህ ደጋግሞ ተመልሷል። ስለዚህ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚሠራውና ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተቆራኘው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም፣ እሱም በውጭ በጎ አድራጊዎች መዋጮ የሚተዳደር ነው፣ በየዓመቱ ከመንደር መንደር እየዞረ ውሾችን ይከትባል። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በአፍ የሚወሰድ ክትባት መስጠት ተጀምሯል። ክትባቱ በትንሽ ከረጢት ሆኖ በፍየል ሥጋ ውስጥ ይሸጎጥና ሌሊት የቀበሮዎቹ መንጋ በሚገኝበት አካባቢ ይጣላል፤ ቀበሮው ሥጋውን ሲያኝክ ከረጢቱ ይፈነዳል። ሥጋ መግዛት፣ የክትባት ማቀዝቀዣ፣ የፈረስ ኪራይ፣ በብርድ የሚያድሩ ሰዎች አበል፤ እነዚህ ሁሉ በፖስተር ላይ የማያምሩ ወጪዎች ናቸው። ወረርሽኝ ሲነሣ ደግሞ የእርዳታ ማመልከቻ እስኪጸድቅ አይጠብቅም፤ በእጅ ያለ ያልታሰረ ገንዘብ የሚፈለገው ያን ጊዜ ነው።

በቀጥታ ስለመላክ ላነሡት ጥያቄ፣ በዘመድ ወይም በወዳጅ በኩል ለፓርክ ጠባቂ ይድረስ ብሎ መላክን አልመክርም፤ ደረሰኝም ተጠያቂም የለውም። በኢትዮጵያ ለተመዘገበ ድርጅት መስጠት መልካም ነው፤ ነገር ግን የጀርመን ግብር መሥሪያ ቤት ተቀባዩ በአውሮፓ ኅብረት ወይም በአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና ውስጥ ካልሆነ ስጦታውን ግብር ከሚከፈልበት ገቢዎ ላይ አይቀንስልዎትም። ተቀባዩ በጀርመን የታወቀ ማኅበር ከሆነ ግን እስከ 300 ዩሮ ድረስ የባንክ ማስረጃ ብቻ ይበቃል። ገንዘቡ ለባሌ እንዲውል ከፈለጉ አስቀድመው ማኅበሩን ይጠይቁና በባንክ ማስተላለፊያው ላይ ዓላማውን ይጻፉ። ለዕረፍት አገር ቤት ሲገቡ ደግሞ ባሌን ይጎብኙ፤ ለአካባቢው አስጎብኚና ለፈረስ ባለቤቱ የሚከፍሉት ገንዘብ በቀጥታ እዚያው ቤተሰብ ጓዳ ይገባል፤ ቀበሮው በሕይወት መቆየቱ የሚጠቅመውም ያንኑ ቤተሰብ ነው።

ጥያቄ፦ በለንደን አንድ መካነ እንስሳት ስንገባ ከዋጋው ጥቂት የሚበልጥ "ከስጦታ ጋር" የሚል ትኬት አቀረቡልን፤ ግብር ከፋይ መሆናችንንም ጠየቁን። ለምንድን ነው? (ከለንደን)

መልስ፦ ጊፍት ኤይድ በሚባለው አሠራር መሠረት ነው። ጎብኚው ከመደበኛው ዋጋ ላይ ቢያንስ 10 በመቶ በፈቃዱ ከጨመረ፣ ጭማሪው ብቻ ሳይሆን የከፈለው በሙሉ እንደ ስጦታ ይቆጠርና በጎ አድራጊ ድርጅቱ ጎብኚው ከከፈለው ግብር ላይ በእያንዳንዱ ፓውንድ 25 ፔንስ ከመንግሥት ያገኛል። ለምሳሌ 30 ፓውንድ የነበረው ትኬት 33 ቢሆን ድርጅቱ ተጨማሪ 8 ፓውንድ ከ25 ፔንስ ይደርሰዋል ማለት ነው። ይህ ገንዘብ ግን በአብዛኛው ለውጭ አገር ፕሮጀክት ተብሎ የሚለይ ሳይሆን የድርጅቱን ጠቅላላ ሥራ የሚደግፍ ነው። በዓመቱ የከፈላችሁት ግብር ድርጅቱ ከሚጠይቀው ካነሰ ልዩነቱን የምትከፍሉት እናንተ ስለሆናችሁ፣ ግብር የማትከፍሉ ተማሪ ወይም ሥራ ፈላጊ ከሆናችሁ ግብር ከፋይ ነኝ የሚለውን ሳጥን ባዶ ተዉት።