ፕላናሪያህን ቡና ውስጥ ከመንከርህ በፊት

«ካፌይን የተቆረጠ ፕላናሪያ ቶሎ እንዲያድግ ያደርጋል ወይስ ያዘገያል? ለመመረቂያ ሥራዬ ቡና አቅጥኜ ልሞክር ነው» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፦ አሜሪካ ኮሌጅ ሳለሁ በፕላናሪያ፣ ማለትም ሲቆረጥ የጎደለውን አካል መልሶ በሚያበቅለው ትንሽ ጠፍጣፋ የውሃ ትል፣ ይችኑ ሙከራ ሠርቻለሁ። ቡናውን ተወው።

እኔ በጀበና አፍልቼ፣ አቦሉን በ10 እጥፍ ውሃ አቅጥኜ ነበር የጀመርኩት። በማግስቱ ግማሾቹ ትሎች ሟሙተው ጠበቁኝ። «ካፌይን ገደላቸው» ብዬ ልጽፍ ስል ረዳት አስተማሪዋ «ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ብቻ ነው እንዴ?» አለችኝ። አፈርኩ። ቡና አሲድ አለው፣ ሌላም ስንት ነገር አለው። የትኛው እንደገደላቸው በምን ታውቃለህ?

ስለዚህ ንጹሕ ካፌይን ተጠቀም። 194 ሚሊግራም በ1 ሊትር ውሃ ስትበጠብጥ 1 ሚሊሞላር (የውህዱ ጥንካሬ መለኪያ ነው) ይሆናል። 240 ሚሊሊትር የሚይዝ አንድ ኩባያ የፈረንጅ ቡና 95 ሚሊግራም ገደማ ካፌይን አለው፤ ወደ 2 ሚሊሞላር ማለት ነው። እኛ ጠጥተነው እንሄዳለን፤ ትሏ ግን ቀንና ሌሊት እዚያው ውስጥ ነው የምትኖረው። ከ0.1 ሚሊሞላር ጀምረህ ቀስ እያልክ ውጣ። ዱቄቱ ለሰውም አደገኛ ነውና አስተማሪህ ባለበት መዝነው።

«ያነቃል፣ ስለዚህ ያፋጥናል» የሚለውን ግምትም እርሳው። ካፌይን እኛን የሚያነቃን አዴኖሲን የሚባለው የድካም መልእክት የሚቀመጥበትን ቦታ ስለሚይዝ ነው። የፕላናሪያን አካል መልሰው የሚሠሩት ደግሞ ኒዮብላስት የሚባሉ ስቴም ሴሎች (እየተከፋፈሉ ወደ ሌላ ዓይነት ሴል የሚለወጡ) ናቸው። አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ቶማስ ሀንት ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1898 ከትሏ 279 እጅ አንዱ ብቻ ቀርቶ እንኳ ሙሉ ትል እንደሚወጣው የጻፈው በእነሱ ምክንያት ነው። ካፌይን እኛን አነቃ ማለት እነዚህ ሴሎች እንዲከፋፈሉ ይቀሰቅሳል ማለት አይደለም።

ዋናው ጣጣ መለካቱ ነው። እኔ ርዝመት ስለካ ከረምኩ። ካፌይን ውስጥ ያሉት ይጠማዘዛሉ፣ ይኮማተራሉ፤ አንዷን ትል በ5 ደቂቃ ልዩነት ስለካት ሌላ ቁጥር ሰጠችኝ! በኋላ የዓይን ነጥቦቹን መቁጠር ጀመርኩና ተገላገልኩ። ጭንቅላቱን ቆርጠህ ጣልና ከቁስሉ በሚበቅለው ነጭ ጫፍ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥቦች የታዩበትን ቀን መዝግብ። በንጹሕ ውሃ ብዙ ጊዜ በ5ኛው ቀን አካባቢ ይመጣሉ። የኔዎቹ 0.1 ላይ ከንጹሑ ውሃ አልተለዩም፣ 1 ላይ ግን ሁለት ቀን ያህል ዘገዩ። በአንድ ዲሽ (ትሎቹ የሚቀመጡበት ባለ ክዳን ትንሽ ሳህን) 8 ትል ብቻ ስለነበረኝ ደፍሬ አልምልበትም። አንተ ከ20 አታሳንስ።

ከመቁረጥህ በፊት አንድ ሳምንት አታብላቸው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው የታሸገ የምንጭ ውሃ ግዛ። ምልክቱን ደግሞ ዲሹ ላይ ጻፍ እንጂ ክዳኑ ላይ አይሁን። እኔ በ6ኛው ቀን ክዳን አቀያይሬ ሁለት ቡድን ሙሉ ደፍቻለሁ።