የመኪና በር የውስጥ ሽፋን ሳይሰነጠቅ ስለሚወጣበት መንገድ

ጠያቂያችን፣ የ2003 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላዎ የሾፌር በር መስታወት ወርዶ እንደቀረና መስታወቱን የሚያንቀሳቅሰውን ሞተር ለማየት የበሩን የውስጥ ሽፋን ራስዎ ማውጣት እንደሚፈልጉ ጽፈዋል። ከዚህ ቀደም በአንድ ጋራዥ የኋላው በር ሽፋን ጠርዙ ተሰንጥቆ ስለተመለሰልዎ ስጋት እንዳለብዎም ገልጸዋል። እዚሁ ድሬዳዋ ለዓመታት በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ስለቆየሁና ሽፋኑ ሳይወጣ የሚሠራ የበር ሥራ እምብዛም ስለሌለ፣ የማውቀውን በዝርዝር ልመልስልዎ።

ሽፋን የሚሰነጠቀው አብዛኛውን ጊዜ ሳይፈታ በቀረ አንድ ቪቴ ምክንያት ነው። ሽፋኑን ከበሩ ጋር የሚያያይዘው ትንሽ መያዣ፣ ማለትም ክሊፕ፣ የተሠራው ሲሳብ እንዲለቅ ነው፤ ቪቴ ግን ስለማይለቅ የሚጎትቱበት ጉልበት ሁሉ በዙሪያው ባለው ቀጭን ፕላስቲክ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ከሥራው ግማሹን ጊዜ ለፍለጋ ቢሰጡት አይቆጭዎትም። በእርስዎ ዓይነት ኮሮላ አንዱን ቪቴ ከውስጥ መክፈቻው እጀታ አጠገብ በትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ተሸፍኖ ያገኙታል፤ ሌላው በሩን ስበው ሲዘጉ ጣትዎን በሚያስገቡበት ጉድጓድ ሥር ነው። ከስፖኪዮው ትይዩ በውስጥ በኩል ያለችው ባለ ሦስት ማዕዘን ሽፋን በእጅ ተስባ ትወጣለች። የመስታወቱ ማብሪያዎች ያሉበት ገበታም ከጠርዙ ቀስ ተብሎ ወደ ላይ ይነሣል። ሶኬቱን ሲነቅሉ የመያዣውን ምላስ ተጭነው አካሉን ይያዙ፤ ገመዱን ይዞ መጎተት ሌላ ብልሽት መጥራት ነው። በሌሎች ሞዴሎች በበሩ ጠርዝ ላይ ወይም ከቀዩ የበር መብራት ሥር ተጨማሪ ቪቴ ስለሚኖር፣ ክዳን የሚመስል ነገር ሁሉ መፈተሽ አለበት።

ማንኛውንም ሶኬት ከመንቀልዎ በፊት ቁልፉን ዘግተው የባትሪውን ነጋቲቭ ይፍቱና ቢያንስ 90 ሴኮንድ ይቆዩ። ቶዮታ ኤርባግ ባለበት መኪና ላይ የሚያዘው የመጠበቂያ ጊዜ ይህ ነው፤ በአንዳንድ መኪኖች የጎን ግጭት የሚለካው መሣሪያ በሩ ውስጥ ስለሚገኝ ጥንቃቄው አይናቅም።

እኛ አገር ያሉ ብዙ የጃፓን መኪኖች መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረ መሆኑንም ያስቡ። በእንዲህ ያለ መኪና የዋናው ማብሪያ ገመድ ብዙ ጊዜ ተቆርጦና ተቀጥሎ ወደ ግራ በር የመጣ ስለሆነ፣ ሽፋኑ ድንገት ሲለቅ የሚያረዝም ትርፍ ገመድ አይኖረውም፤ የቅጥሉ ቀለምም ከመኪናው የጥገና መጽሐፍ ሥዕል ጋር አይገጥምም። ከመንቀልዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ቢያነሡ በኋላ ከብዙ ግምት ይድናሉ።

ለመንቀያ የሚሻለው ለዚሁ የተሠራው የፕላስቲክ መሣሪያ ነው፤ ካጡ ደግሞ ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ጫፉን በስኮች በደንብ ጠቅልለው መጠቀም ይችላሉ። ባዶ ካቻቢቴ ቀለሙን ይፍቃል፣ ፕላስቲኩንም ይበሳል። ሥራውን ከበሩ የታችኛው ጥግ ይጀምሩ፤ እዚያ ትንሽ ምልክት ቢቀር እንኳ ዓይን አያየውም። መሣሪያውን በደፈናው አያስገቡ፤ መጀመሪያ ጠርዙን በጥቂቱ ከፍተው በስልክዎ መብራት ክሊፑ የት እንዳለ ይዩ፣ ከዚያም የመሣሪያውን ጫፍ ልክ ከክሊፑ አንገት ሥር ያኑሩ። ከክሊፑ አንድ ስንዝር ርቀው ቢፈነቅሉ ሽፋኑ ይታጠፋል እንጂ ክሊፑ አይለቅም፤ ስንጥቁም የሚጀምረው ከዚያው ከታጠፈበት ነው። በተለይ እንደ ሐረሮቹ ፔዦ 404 ያሉ የቆዩ መኪኖች ያሏችሁ አንባቢዎች ይህን ልብ በሉ፤ በዚያ ዘመን መኪኖች ላይ ቆዳ የለበሰው የተጨመቀ ካርቶን በክሊፑ ቀዳዳ ዙሪያ እንደ እርጥብ እንጀራ ይቀደዳል። መስታወቱ በእጅ የሚዞር መኪናም ከማዞሪያው ኋላ የሽቦ መያዣ ሊኖረው ይችላል፤ ቀጭን ጨርቅ በማዞሪያውና በሽፋኑ መካከል አስገብታችሁ ወዲያና ወዲህ ስትስቡት መያዣው ይዘላልና በሌላ እጃችሁ ከልሉት።

ስለ ሰዓቱም ልናገር። ፕላስቲክ በቅዝቃዜ ይደርቃል፣ በሙቀት ይለሰልሳል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ጠዋቷ እንኳ ለክሊፕ በቂ ሙቀት አለው፤ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ባለችው ሐረር ግን በተለይ በጥቅምትና በኅዳር ፀሐይ በሩን እስክታሞቀው መጠበቅ ይሻላል። እኩለ ቀን ላይ ድሬዳዋ ፀሐይ ውስጥ መሥራትን ደግሞ አልመክርም፤ ምክንያቱ እጅን ማቃጠሉ ብቻ ሳይሆን ቀጥሎ የማነሣው ማጣበቂያ ነው። ጠዋት፣ ጥላ ያለበት ቦታ ይምረጡ፤ ዛፍ በበዛበት የከተማችን ሰፈር በከዚራ ለሚኖር ሰው ጥላ አይቸግረውም።

ክሊፖቹ ሁሉ ከለቀቁ በኋላ ሽፋኑን ወደ ራስዎ አይጎትቱት። የላይኛው ጠርዝ በመስታወቱ መውጫ ላይ ተሰክቶ ስለሚቀመጥ ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ያንሡት። ከዚያም ትንሽ አራቅ አድርገው ከኋላ በኩል የመክፈቻውንና የመቆለፊያውን ገመዶች ከመያዣቸው ያላቅቁ፤ ሽፋኑን ጉልበትዎ ላይ ማሳረፍ ወይም ሰው ማስያዝ ይጠቅማል።

አሁን ከበሩ ላሜራ ላይ የተለጠፈውን ስስ ፕላስቲክ ያገኛሉ። በከተማችን ብዙ ባለሙያ ይህን ቀዶ ይጥለዋል፣ «ዝናብ የት አለና» ይባላልም፤ እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። መኪና በታጠበ ቁጥር ውኃው በመስታወቱ ጎን ወደ በሩ ሆድ ይገባና ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል፤ ፕላስቲኩ ሽፋኑን ከዚያ ውኃ ይለየዋል፣ የአቧራውንና የንፋሱን ድምፅም ይገታል። እሱ ከሌለ የካርቶን ጀርባ ያለው ሽፋን አብጦ ክሊፑን መያዝ ያቅተዋል። የያዘው ጥቁር ማጣበቂያ በሙቀት እንደ ማስቲካ ይሳባል፤ ጠዋት ግን ጠንከር ስለሚል በስለታም ምላጭ ማጣበቂያውን መሃል ለመሃል እየከፈሉ ማንሣት ይቻላል። ከሚያስፈልግዎ በላይ አይግለጡት፣ የተገለጠው ፊትም አቧራ እንዳይነካው ወደ ውስጥ ያጥፉት። እግረ መንገድዎን የበሩን የታች ቀዳዳዎች በቀጭን እንጨት ይጥረጉ፤ በእኛ አቧራ ብዙ ጊዜ ተደፍነው ይገኛሉ። መስታወቱን በእጅ ወደ ላይ ካነሡትም በሰፊ ስኮች ከበሩ ፍሬም ጋር ሳያስሩት እጅዎን ወደ ውስጥ አያስገቡ።

ሲመልሱ ላሜራው ላይ የቀሩትን ክሊፖች በፒንሳ አውጥተው በሽፋኑ ላይ ወደ ቦታቸው ይመልሱ፤ የተሰበረውን በተመሳሳይ ውፍረት ይተኩ፣ ወፍራሙን በግድ ማስገባት ለሚቀጥለው ጊዜ ችግር ማስቀመጥ ነውና። ገመዶቹንና ሶኬቶቹን ካገናኙ በኋላ ባትሪውን መልሰው መስታወቱን፣ መቆለፊያውንና መክፈቻውን ይሞክሩ። ባትሪው እስኪመለስ ድረስ ቁልፉን አይክፈቱ፤ የኤርባግ ሶኬት ተነቅሎ ከሆነም እሱ ሳይገናኝ ባትሪውን አያስሩ። ሁሉም ከሠራ የላይኛውን ጠርዝ አስቀድመው ይሰኩ፣ እያንዳንዱ ክሊፕ ከቀዳዳው ትይዩ መሆኑን በዓይን ያረጋግጡ፣ ከዚያ በመዳፍዎ አንድ በአንድ ይጫኑ፤ ቪቴዎቹ የሚጠብቁት በመጨረሻ ነው። ባትሪው ተነቅሎ ስለነበር በአንዳንድ ሞዴሎች አንዴ ሲነካ ራሱ የሚወጣው መስታወት መሥራት ሊያቆም ይችላል፤ ማብሪያውን ወደ ላይ ይዘው መስታወቱ እስኪዘጋ፣ ከተዘጋም በኋላ ለጥቂት ሴኮንዶች ሳይለቁ ቢቆዩ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል።