ጆሮዬን ብደፍን «ኮራች» አሉኝ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

ጽሑፍዎን ሁሌ አነባለሁ፣ ግን ጽፌ አላውቅም። ዛሬ የጻፍኩት ስለመረረኝ ነው። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ግቢው የባሌ እናት ነው፣ እኛ ከኋላ ሁለት ክፍል ይዘናል። ከፊት በሩ ጋ ደግሞ ባሌ የብረት በርና መስኮት ይሠራል። ብየዳውስ ምንም አይል፣ መቁረጫው ነው ጉዱ። ያ ማሽን ሲነሳ ድምፁ ጥርሴ ውስጥ ነው የሚገባው። እሱ ሲያባራ ባጃጁ አለ፣ ጥሩምባው፣ ሞተሩ፣ ተሳፋሪ የሚጠራው። ባጃጁ ጋብ ሲል የአማቴ ቴሌቪዥን ይቀጥላል፣ ከጠዋት እስከ ማታ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ። ልጆቹ ሲቀንሱት መልሰው ይጨምሩታል። እኔን ለማናደድ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ጥጥ ነበር የምወትፈው። ጥጥ ምንም አያደርግም። ከዚያ እህቴ ከጅቡቲ ስትመጣ አንድ ፓኬት የጆሮ መድፈኛ አመጣችልኝ፣ ያ ብርቱካናማው ስፖንጅ። እግዜር ይስጣት። የመጀመሪያ ቀን ሳደርገው አልቅሻለሁ ብል ያምኑኛል? እንደዚያ ያለ እፎይታ አላውቅም።

ግን ከዚያ በኋላ ሰላም አጣሁ። አማቴ ጠርተውኝ ዝም አልኩ ተባለ። ጎረቤት በበር ሲያልፉ «እንዴት ዋልሽ» ብለውኝ አልመለስኩም ተባለ። የባሌ እህት ቡና ላይ ሰው በተሰበሰበበት «አቦ ተዋት፣ እሷ እኮ ለኛ ጆሮ የላትም» አለች፣ ሁሉም ሳቀ። ባሌም አብሮ ሳቀ! ማታ ስጠይቀው «ቀልድ ነው፣ አንቺም ደግሞ አብዝተሽዋል፣ እኔ ስንት ዓመት ከማሽኑ ጋር ስውል ምን ሆንኩ?» አለኝ። ኮራች፣ ቀበጠች፣ ንቃናለች፣ ያልተባልኩት የለም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፣ የኔስ ጠላት ሆኖብኛል።

እውነቱን ለመናገር ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። አሁን አሁን ማንኪያ ሳህን ሲነካ ራሱ ያመኛል። ስለዚህ ቤት ውስጥም አላወልቀውም፣ ከነጋ እስከምተኛ እንዳደረግኩት ነው። ልጄ እንኳ አላስቸገረኝም፣ አራት ዓመቱ ነው፣ ለምዶታል፤ መጥራት ትቶ መጥቶ ጉልበቴን ይነካኛል። ጎበዝ ነው። የሚያስቸግሩኝ ትልልቆቹ ናቸው። ባለፈው በዓል እንግዳ መጥቶ እያለ አማቴ ትሪ በሁለት እጃቸው ይዘው «እስቲ ይህን ትሰማ እንደሆነ» ብለው አጠገቤ ወለሉ ላይ ለቀቁት። ሰው ፊት። እኔ ለነሱ ስል ስንቱን ችዬ!

ሌላው ነገር፣ ባሌ ሁለተኛ ልጅ እንውለድ እያለኝ ነው። የመጀመሪያው ሕፃን ሆኖ ሌሊት ሲያለቅስ ለአማቴ ሰጥቼ ውጭ ወጥቼ በር ላይ የምቆምባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እና ልውለድ ወይስ ይቅርብኝ? ድምፁን የምችለው አይመስለኝም።

ሆድ የባሳት፣ ከሳቢያን

*

የኔ እህት፣

አማትሽንና ትሪያቸውን ለጊዜው እንተዋቸው። እኔን የያዘኝ ጉልበትሽን የሚነካው ልጅ ነው። በአንድ መስመር «ጎበዝ ነው» ብለሽ አለፍሽው። ጎበዝስ ጎበዝ ነው፣ እናቱ እንደማትሰማው ገብቶት መላ ፈጠረ። ግን የአራት ዓመት ልጅ መላ መፍጠር አልነበረበትም፣ መለፍለፍ ነበረበት። በዚህ ዕድሜ ልጅ «ለምን» ብሎ የማይጠግብበት፣ ቃል አጣሞ የሚታረምበት፣ ወሬውን ከየት እንደጀመረው ጠፍቶት የሚቀጥልበት ጊዜ ነው። ያንን ሁሉ የሚያፈሰው ለማን ነው? ለኋላ ቤቱ ግድግዳ? እቆጣሻለሁ፣ እዚህ ላይ ግን ብቻ ነው የምቆጣሽ።

በቀረው ካንቺ ጋር ነኝ። ቀበጥ አይደለሽም፣ አላበድሽም። ሌላው ሰው ልብ የማይለው ድምፅ ለአንዳንዱ ሰው እስኪያመው ድረስ ይጮሃል፤ ሐኪሞች ሃይፐርአኩሲስ ይሉታል። ለኃይለኛ ድምፅ ተጋልጦ የቆየ ሰው ያገኘዋል፣ ሚግሬን ያለበት ያገኘዋል፣ ከጭንቅላት ጉዳት በኋላም ይመጣል። ያንቺ ምክንያት የቱ እንደሆነ እኔ ተቀምጬ አልነግርሽም፣ የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ መስማትሽን ተለኪ። ጆሮሽ የሚጮህብሽ ከሆነ፣ ወይ የሚያዞርሽ ከሆነ፣ ወይ ሕመሙ ባንድ ጎን ብቻ ከሆነ ደግሞ አትቆዪ። ስፖንጁ ኩኩንም ወደ ውስጥ እየገፋ ይጠቀጥቀዋል፣ እሱንም ያይልሽ።

አሁን ያንን ማንኪያ እንነጋገር። «ድሮ እንዲህ አልነበርኩም» ብለሻል። ልክ ነሽ፣ አልነበርሽም፣ የባሰብሽ ከስፖንጁ በኋላ ነው። ጆሮ የሚደርሰው ድምፅ ሲያንስበት አንጎል ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ መቀበያውን ከፍ ያደርገዋል። ጨለማ ክፍል ውለሽ በእኩለ ቀን ከዚራ አስፋልት ላይ ብትወጪ ዓይንሽ ምን እንደሚሆን ታውቂዋለሽ። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ፦ ጤነኛ ጆሮ ያላቸው ሰዎች ለ2 ሳምንት ጆሯቸውን ደፍነው እንዲቆዩ ተደረገ፣ ከዚያ ሲለኩ ድምፅ የመቻል አቅማቸው ቀንሶ ተገኘ። ለዚያው ያህል ጊዜ ቀስ ያለ የማያቋርጥ ሽሽታ እንዲሰሙ የተደረጉት ግን በተቃራኒው ሻል አላቸው። ከነጋ እስከ ማታ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ጆሮሽን ደፍነሽ ስትውዪ ነገ ማንኪያው የበለጠ እንዲያምሽ እያመቻቸሽ ነው።

ጣዪው አልልሽም። መድፈኛው ለማሽኑ ሰዓት የተሠራ ነው፣ ያኔ አድርጊው፣ በደንብም አድርጊው፦ በንጹሕ እጅ ጠቅልለሽ አቅጥኚው፣ በሌላው እጅሽ ጆሮሽን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገሽ አስገቢው፣ እስኪነፋ በጣትሽ ያዢው። የቆሸሸውን እያጠብሽ አትመላለሺበት፣ ጣዪው። ትርፉን ደግሞ ልጁ የማይደርስበት አስቀምጪ፣ አፉ ቢከተው ያንቀዋል። ማሽኑ ሲቆም አውልቂ።

ማውለቁ በአንድ ቀን አይሆንም፣ አውቃለሁ። ግን እኮ ድሬ ነው ያለሽው! ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሱቁ ሲዘጋ፣ ባጃጁ ሲሳሳ፣ ባልሽም ጋደም ሲል፣ ይህን ዕድል አዲስ አበባ ያለች አታገኘውም። በዚያ ሰዓት ቬንትሌተሩን ክፈቺና መድፈኛውን አውጪ። የቬንትሌተሩ ሽሽታ ለዚህ ጥሩ ነው፣ ድርግም ያለ ጸጥታ እንዳይሆንብሽ። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት፣ ሲለምድሽ ጨምሪ። ልጁን አጠገብሽ አድርጊና ይለፍልፍ። «አሁን እሰማሃለሁ፣ ጥራኝ» በይው፣ እንደገና መጥራት መልመድ አለበትና። ካቃተሽ አልጫንሽም፣ ለሐኪሙ ንገሪው፣ ድምፅን ቀስ በቀስ የማለማመድ ሕክምና አለ።

ወደ ባልሽ ልምጣ። «ስንት ዓመት ከማሽኑ ጋር ስውል ምን ሆንኩ» አለ? አንብቢለት እንግዲህ። በሥራ ቦታ ለ8 ሰዓት ተቻለ የሚባለው 85 ዴሲቤል ነው፣ ዴሲቤል የድምፅ ኃይል የሚለካበት ነው። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፦ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ እንዲህ እያለ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ነው። ብረት መቁረጫ ደግሞ 100 መድረስ አይከብደውም። ምን እንደሆነ የሚያውቀው ሲለካ ነው፣ በጩኸት የተነሳ የመስማት ችሎታ የሚሄደው ሳያሳምም ነውና። በዚያ ግቢ መድፈኛ ማድረግ የነበረበት መጀመሪያ እሱ ነው፣ እና እሱ ነው ቡና ላይ የሳቀብሽ። ልጁም እዚያው ግቢ ነው የሚውለው። ለሱ ስፖንጅ ሳይሆን በራስ ላይ የሚጠለቀውን የጆሮ መሸፈኛ ግዙለት፣ ወይም አባቱ ሲቆርጥ ወደ ውስጥ ይግባ።

አማትሽ፣ ቴሌቪዥኑን አንቺን ለማናደድ የሚከፍቱት አይመስለኝም። ሲቀነስ የሚጨምሩት ስለማይሰሙ ነው። በዕድሜ መጀመሪያ የሚሄዱት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው፣ ሰው ሲያወራ ይሰማል፣ ምን እንዳለ ግን አይለይም። ሐኪም ዘንድ ስትሄጂ ይዘሻቸው ሂጂ፣ ባንድ ድካም ሁለታችሁም ትታያላችሁ። ትሪውን መልቀቃቸው ግን ነውር ነው፣ ይህን ልጃቸው ይንገራቸው እንጂ አንቺ አትንገሪያቸው። ለጎረቤት ደግሞ ድሬ ውስጥ ሰላምታ ሳይመለስ መቅረቱ እንዴት ከባድ እንደሆነ እኔ ላንቺ አልነግርሽም። «ጆሮዬን ያመኛል» በያቸው፣ ስፖንጁን አውጥተሽ አሳያቸው። የሚደበቅ ነገር ሲሆን ነው ኩራት የሚመስለው።

ሌሊት በር ላይ ስለመቆምሽ። ሕፃኑን ሜዳ ላይ ጥለሽ አልወጣሽም፣ ለሚይዘው ሰው ሰጥተሽ ነው የወጣሽው፣ እሱ ጥሩ አድርገሻል። አጠገብ ያለ ሕፃን ለቅሶ ከ100 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል፣ ጤነኛ ጆሮም ያስጨንቃል። ሕፃን ታቅፈሽ ስታባብዪ መድፈኛ ብታደርጊ ደግሞ ምንም ነውር የለውም፣ ለቅሶው አልፎ ይሰማሻል፣ የሚቀንሰው ስለቱን ነው። ስለዚህ «ድምፁን አልችልም» ብለሽ ብቻ አትተዪ። አሁን ግን አትወስኚ፣ በዚህ የቆሰለ ጆሮ አንቺ የምትችዪውንና የማትችዪውን ልትለዪ አትችዪም። ፍርሃትሽን ለኔ እንደጻፍሽው ለባልሽ ንገሪው፣ ዛሬ ማታ፣ እሱ እስካሁን የሚያውቀው ስፖንጁን ብቻ ነው። ቀጥሎ መቁረጫውን ከመኖሪያው ራቅ ያድርገው፣ ቦታ ይከራይ ወይ ከበሩ ውጭ ያውጣው፣ የራሱንም ጆሮ ይሸፍን። ማሽኑን ሳያነሳ ስለ ሁለተኛ ልጅ እንዳያነሳብሽ።